የጥቁሩ ገብስ ማዕረግ

ዩኒቨርሲቲውን ጨርሼ ሥራ በማፈላልግበት ዓመት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስጠና ነበር። ከምወዳቸው ትምህርቶች አንዱ ቅጽሎች ማዕረግ የሚያገኙበት ነው። ሁለት ተማሪዎችን ጎን ለጎን አቆምና የሚረዝመውን እንዲለዩ አደርጋለሁ፤ ለሁለት የሚነገረውን ቅጽ ይሰጡኛል። ሦስተኛ ተማሪ ሲጨመር ያ ቅጽ አይበቃም፤ ከሁሉ የሚረዝመው የራሱ የሆነ መጨረሻ ይፈልጋል። «ለሁለት ቤተር፤ ከሁለት ሲበልጡ ቤስት» እያልኩ በሰሌዳው ላይ ደረጃ እሥላለሁ። በታችኛው ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ወደ ላይኛው ሊወጣ የሚችለው ሌሎቹ ሁሉ ከተቆጠሩ በኋላ ነው።

ይህ ሥርዓት ያረካኝ ነበር። በአማርኛችን «ይበልጣል» የሚለው አንዱ ግሥ ሁለቱንም ደረጃ ይወጣል፤ ከማን እንደሚበልጥ የሚናገሩት በፊቱ የሚቀመጡት ቃላት ናቸው። እኔም በወጣትነት ትዕቢት ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር። እንግሊዝኛው ሚዛን ያለው፣ የእኛው በእጅ የሚገመት ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ለሦስት ቀን አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያገናኘኝ የሠፈሬ ልጅ የሆነ የግብርና ባለሙያ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ጎረቤላ ሳይደረስ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ሊጀምር በሚልበት ቦታ በምትገኝ አንዲት መንደር ይሠራ ነበር። ከውጭ አገር የመጣች የገብስ ተመራማሪ ገበሬዎቹን ልታነጋግር ነው፤ ቋንቋ ያስፈልጋታል።

ያን መሬት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ብርሃኑ ነው። ማለዳ ውርጩ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ ከመሬቱ ቀጭን ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተነሣ። ገብሱ በእንፋሎቱ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰጥሞ፣ ዛላው ብቻ ከላይ እየተንሳፈፈ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ውኃ ይገላበጥ ነበር። በመካከሉ የሚሄዱ ሰዎች እግር የሌላቸው ይመስላሉ። እውነት እንደዚያ ነበር ወይስ ዓመታቱ አሳምረውልኝ፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሥራው ሲነገረኝ ቀላል ነበር። በአንድ ማሳ ላይ አምስት መደቦች ተዘርተዋል። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ከምርምር ጣቢያ የመጡ ናቸው፤ ገና ከመመዘናቸው በፊት «ምርጥ ዘር» ይባላሉ። አምስተኛው የአካባቢው ጥቁር ገብስ ሲሆን፣ የተዘራው ሌሎቹ የሚለኩበት እንዲሆን ነበር። ገበሬዎቹ መደቦቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ያወዳድራሉ፤ ተመራማሪዋ በመኪናዋ ጎን በለጠፈችው ሰፊ ወረቀት ላይ ትመዘግባለች። እኩል ከሆኑ ባዶ፣ አንዱ በመጠኑ ከተሻለ አንድ ነጥብ፣ በብዙ ከበለጠ ሁለት ነጥብ። በወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ገበሬዎቹ በራሳቸው አንደበት የተናገሩት የሚጻፍበት ነው። በመጪው ክረምት የጎረቤታሞቹ መሬት በኩታ ገጠም፣ ማለትም ድንበር ለድንበር ተያይዞ በአንድ ዓይነት ዘር ይሸፈናል። ያ ዘር በዚያ መስመር ላይ የሚጻፈው ነው።

ጥቁሩ ገብስ የአንዲት ባልቴት ነበር። ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። መንደርተኛው ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ዘሮች ሲዞር፣ ጥቁሩን ከአማታቸው ተቀብለው ሳያቋርጡ የዘሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አምስተኛው መደብም የተዘራው ከእሳቸው ቤት በወጣ ዘር ነው። የእርሻ መሬታቸው የኩታ ገጠሙ መካከል ላይ፣ ውርጭ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ነው። ሌላ ዘር ከተመረጠ መሬታቸው በዚያው ይዘራል። ጥቁሩ ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ገብስ ደግሞ ሳይዘራ ዓመታት ካስቆጠረ ማብቀሉን ይተዋል። ይህን በመንገድ ላይ ባለሙያው ነግሮኝ ነበር፤ እኔም እንደ መረጃ ሰምቼ አለፍኩት።

ገበሬዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ ተከናንበው በመደቦቹ ዳር ተደረደሩ። አንድ ቀይ ሰውዬ ወደ እኔ ጠጋ አለና፣

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ ገብስ አታውቅም እንዴ ከአገሯ ድረስ መጥታ እኛን የምትጠይቀው?» አለኝ።

«ታውቃለች። የእናንተን አስተያየት ነው የምትፈልገው።»

«አስተያየትማ ሞልቶ። ጠላውን ይዛ ከመጣች።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሥራዬን በጥብቅ የያዝኩ ስለነበርኩ ይህንንም አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ተመራማሪዋ ዘግይታ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ገበሬዎቹ እንደገና ሳቁ።

«ሁሉንም ነው እንዴ የሚነግራት?» አለ ሰውዬው። «ኧረ ጉድ ነው! እንግዲህ ምላስ ይታሠር።»

ማወዳደሩ ተጀመረ። አንድና ሁለት፤ «እኩል ናቸው» አሉ። አንድና ሦስት ሲባል ግን ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ሦስት ነዋ! ምን ጥያቄ አለው! በጣም ይበልጣል እንጂ።»

«ዛላውን እየው፣ የበግ ላት አያህልም?»

«ኧረ እንዲህ ያለ ገብስ አይቼ አላውቅም!»

ተረጎምኩ፤ ሁለት ነጥብ ተመዘገበ። ሁለትና ሦስት፣ ሦስትና አራት፣ እንዲሁ። ሦስተኛው መደብ በእርግጥም ረጅምና ዛላው የሞላ ነበር። ባለሙያው ራሱ የዘራው ልጅ እንደሆነ ሁሉ ፊቱ በራ።

አምስተኛው ሲጠራ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ወዲያው አላስተዋልኩትም። የሰዎቹ ድምፅ ዝቅ አለ፤ አንዳንዶቹ ወደ ገደሉ አቅጣጫ፣ አንዳንዶቹ ወደ ጫማቸው ተመለከቱ። ባልቴቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«አንድና አምስትስ?» አልኩ።

«ጥቁሩ ይሻላል» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ የማያገባቸውን ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ።

«በምን ያህል?»

«ትንሽ ነው እንግዲህ። ደኅና ነው። እሱ ይጠብቀው።»

ከሁለት ጋር ሲነጻጸር «ሻል ይላል» አሉ። ከአራት ጋር «ያው፣ ሻል ይላል» አሉ። ከሦስተኛው፣ ከዚያ ረጅም መደብ ጋር ሲነጻጸር፣ ባልቴቷ ራሳቸው ከነጠላቸው ሥር፣ «እሱም ቢሆን ከሦስት ትንሽ ይሻላል» አሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔም ይህን ሁሉ በሚዛኔ ላይ አስቀመጥኩት። «ትንሽ» ያሉትን «በመጠኑ» አልኩ፤ የጨመርኩት የለም፣ የቀነስኩት የለም። ነጥቦቹ ሲደመሩ ሦስተኛው መደብ ስድስት፣ ጥቁሩ አራት ሆነ። ጥቁሩ ከአራቱም ጋር ተወዳድሮ አራቱንም ረትቶ ነበር፤ ነገር ግን በየተራው በጥቂቱ ስለረታ በድምሩ ወደኋላ ቀረ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅኩ። «እንግዲህ ከአምስቱም የሚበልጠው የትኛው ነው?»

ነፋሱ በዛላዎቹ መካከል ሲያልፍ ይሰማ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ዝምታ በጣም ረጅም ይመስለኛል፤ አሥራ ሁለት ሰው ባንድነት ትንፋሹን ውጦ፣ ብርሃኑ በማሳው ላይ ሲሸሽና ሲመለስ እያየ።

«ሁሉም ደኅና ነው» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «እግዜር ይባርከው።»

«ነጥቡ የሚናገረው ሦስትን ነው» አለ ባለሙያው።

«ወረቀቱ ካለ እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ተመራማሪዋ እርሳሷን እንደያዘች ወደ መስመሩ ተመለከተች፤ ከዚያ ምሳ ይበላ አለች።

ድፎ ዳቦና የባቄላ ንፍሮ ቀረበ። እኔ ከሌሎቹ ነጠል ብዬ በድንጋይ ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። ባልቴቷ መጡና አጠገቤ ዐረፍ አሉ። እፍኝ ንፍሮ በመዳፌ ላይ ካስቀመጡልኝ በኋላ፣

«ልጄ፣ ምን አልክልኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ያሉትን ነው ያልኩት፣ እማማ። ቃል አላጎደልኩም።»

«ምን ብዬ ነበር?»

«‹ከሦስት ትንሽ ይሻላል› ነው ያሉት።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አገርህ የት ነው?»

«ደብረ ብርሃን ነው የተወለድኩት።»

«ኣ፣ ከተማ። እንዲያ በል። በቆመ እህል ፊት ምን እንድል ፈልገህ ነበር? ልጅ በተኛበት፣ ራስጌው ቆመህ ‹ከአገሩ ልጅ ሁሉ ይበልጣል› ትላለህ?»

«ሦስተኛውን ግን ሲያወድሱት ነበር።»

«ሦስት የማነው?» አሉ፤ ዓይናቸው ላይ ሳቅ ብልጭ አለ። «የሰው ነው። ዓይን ቢበላው ማን ያለቅስለታል?»

ልማዱ እንግዳ ሆኖብኝ አልነበረም። በልጅነቴ ከክፍል አንደኛ በወጣሁ ጊዜ፣ ጎረቤቶች «ልጅሽ እንዴት ሆነ?» ሲሏት እናቴ ካርዱን በጉያዋ እንደያዘች «ያልፋል፣ ምንም አይል» ትል ነበር። አልኮራችብኝም ብዬ ያዘንኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ቆይቶ ገብቶኛል። ልጅ ሆኜ የማውቀውን አስተርጓሚ ሆኜ ዘነጋሁት። እነዚህ ሰዎች እህሉ ታጭዶ ተወቅቶ፣ ገለባው ተለይቶ ፍሬው እስኪታይ ድረስ የሚወዱትን በስሙ አያወድሱም፤ እነሱ «ትንሽ» ሲሉ የከደኑትን እኔ በሚዛን ላይ አውጥቼ ቀላል አድርጌባቸዋለሁ።

ንፍሮውን ካቡ ላይ ትቼ ወደ ተመራማሪዋ ሄድኩ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ ቃላቸውን እንጂ ንግግራቸውን እንዳልተረጎምኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አምንሃለሁ» አለችኝ። «ነገር ግን በዚያ መስመር ላይ አንተ የተረዳኸውን ልጽፍ አልችልም። እነሱ ያሉትን ነው የምጽፈው። መቼ ሊሉት ይችላሉ?»

«ሲወቃ።»

«መቼ ነው የሚወቃው?»

«ከኅዳር መጨረሻ በኋላ።»

«እኔ ነገ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» አለች፤ በእውነት ያዘነች መሰለኝ።

ይህንኑ ለባልቴቷ ይዤ ተመለስኩ። ሲሰሙኝ ዓይናቸውን ከማሳው ላይ አላነሡም። በዚያ ሰዓት ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ በኩል፣ ጉም በገደሉ ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የሩቁን ካብ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን መደብ ዋጠ። ድምፅ ሁሉ ቀረበ፤ የሰው ሳል እንኳ ከጆሮ ሥር የሚነሣ መሰለ።

«ነገ ነው የምትሄደው?» አሉኝ።

«ነገ በጠዋት።»

ተነሡ። ለበቅሎው ሣር ሲያጭድ ከነበረው ቀይ ሰውዬ እጅ ማጭዱን ወሰዱና ወደ አምስተኛው መደብ ገቡ።

«ኧረ እማማ! የምርምር ነው፣ አይነካም!» ብሎ ባለሙያው ጮኸ።

ተመራማሪዋ ክንዱን ያዘችው። ምን እንደሚሆን ያወቀች አይመስለኝም፤ ሆኖም ያዘችው።

«እትዬ፣ ተይ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው።

ባልቴቷ አንድ እፍኝ ዛላ፣ ከዚያ ያልበለጠ፣ አጨዱ። ሌሎቹ መደቦች ገና እሸት ነበሩ፤ ፍሬያቸው ሲጫን ወተት ይወጣዋል። ጥቁሩ ግን ቀድሞ ደርቆ ነበር፤ ውርጭ ሳይደርስበት ይደርሳል የሚባልለት ለዚህ ነው። ዛላውን ይዘው ከማሳው ድንበር ወጡ፣ ወደ ግጦሹ ተሻገሩ፣ እህል ከቆመበት ራቅ ሲሉ ተንበረከኩ። የነጠላቸውን ጫፍ ሣሩ ላይ ዘረጉ፤ አማተቡ። ከዚያ ዛላውን በሁለት መዳፋቸው መካከል አድርገው ያሹት ጀመር። የዛላው ጢም እየተሰበረ ይንኮሻኮሽ ነበር። እጃቸውን ከፍ አድርገው እፍ አሉበት፤ ገለባው ተነሥቶ በጉሙ ውስጥ ጥቂት ተንሳፈፈና ጠፋ። በመዳፋቸው ላይ የቀረው ጥቁር፣ ሰማያዊ የሚያጥበረብርበት ፍሬ ነበር።

ሁላችንም ድንበሩን ተሻግረን በዙሪያቸው ቆመን ነበር፤ መቼ እንደተሻገርን አላስታውስም። ተመራማሪዋን በእጃቸው ጠርተው መዳፏን ከፈቱና ፍሬውን አፈሰሱበት። ጣቶቿን መልሰው ዘጉላት።

«ይኸው ተወቃ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ጠይቀኝ።»

«ከአምስቱም የሚበልጠው የትኛው ነው?»

«ይሄ ነው። ከሁሉም ይበልጣል። ሌላው ገና እሸት ሳለ ይደርሳል። ለበሶም ለጠላም ይሆናል። ያ ክፉ ዓመት ሲመጣ፣ ውርጩ የሰዉን ሁሉ ሲያነድደው፣ ልጆቼን ያበላሁት በሱ ነው።» የተመራማሪዋን የተዘጋ መዳፍ ነካ አደረጉ። «የሚያህለው የለም፤ በላት።»

አልኳት። በክፍሌ ሰሌዳ ላይ በላይኛው ደረጃ የምጽፈውን ያን አጭር ቃል አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ከዚያ በፊት ብዬው የማላውቀው ይመስል ምላሴ ከበደኝ።

«ጨረሰችው!» አለ ቀዩ ሰውዬ፤ ውጥረቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም መዳፉን ዘርግቶ ከተመራማሪዋ ሁለት ሦስት ፍሬ ተቀበለና አኘከ። «እኔም እንደሷ ብለህ ንገራት። ደግሞ ማጭዴን ትመልስልኝ።»

አንድ በአንድ እየተጠጉ ፍሬውን እየነኩ ተናገሩ። አሁን «ትንሽ» ያለ አልነበረም። አንድ ጎልማሳ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እውነቱን ልናገር። የኔ መሬት ላይኛው ነው፤ ውርጭ አይተኛበትም። ለኔ ሦስት ይሻለኛል። ለታችኛው መሬት ግን ጥቁሩን የሚያህል የለም።»

«ይሄም ይጻፍ» አሉ ባልቴቷ። «እውነቱን ነው።»

ተመራማሪዋ ሁሉንም ጻፈች። በግርጌው መስመር ላይ የባልቴቷን ቃል፣ ከሥሩ የጎልማሳውን ቃል፣ ከጎኑ ደግሞ ገና እያዳመጠች ያለች በሚያስመስል የእጅ ጽሑፍ ጥቂት መስመሮች ጨመረች። የቀሩትን ፍሬዎች በመሐረብ ቋጥራ ኪሷ ውስጥ ከተተች። መኪናዋ ሲሄድ ጉሙ ቶሎ ስለዋጠው፣ ከሄደ በኋላም ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቶሎ አለፉ። ማስጠናቴን ቀጠልኩ። ውሳኔው ምን እንደሚሆን ባለሙያውን በተገናኘን ቁጥር እጠይቀው ነበር፤ እሱም «ወረቀቱ ወደ ላይ ወጥቷል» ይለኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ሳለ፣ ነጥቡን ያስመዘገብኩ እኔ መሆኔ ትዝ ይለኝና ብዕሬ ይቆማል። የተጻፈው ቃል የተደመረውን ቁጥር ይረታ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን ባለሙያው ደወለልኝ። ውጤቱ መጥቷል፤ በእንግሊዝኛ ነው። እሱ ማንበብ ይችላል፤ ባልቴቷ ግን «አፍ የሆነኝ ልጅ ያንብብልኝ» ብለዋል። በማግስቱ በአንኮበር ሚኒባስ ሄድኩ።

ቤታቸው በር ላይ፣ በጭቃ በተሠራው መቀመጫ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሁለት ጊዜ እየመለስኩ ነበር። የላይኛው መሬት በሦስተኛው ዘር ይሸፈናል። ረባዳው መሬት፣ የእሳቸውንና የሦስት ጎረቤቶቻቸውን ማሳ ጨምሮ፣ በአካባቢው ጥቁር ገብስ ይዘራል። ዘሩም የሚወጣው ከእሳቸው ዘንድ ነው።

ደስታ አልታየባቸውም። ደብዳቤውን ተቀብለው፣ አጣጥፈው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ለአራት ማሳ?» አሉ።

«ለአራት ማሳ።»

ጣቶቻቸውን እየነኩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ የጎረቤቶቻቸውን መሬት በዓይናቸው ይለኩ እንደነበር ተረዳሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥቁሩ የሚበቃው ለአንድ ቤት ብቻ ነበር። ከዓመት ዓመት ለራሳቸው ማሳ የሚሆነውን ያህል ነበር ለዘር የሚያስቀሩት፤ ሌላው ለቤት ይበላል። ቢጎድል፣ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሁሉ ባዶ ይሆናል።

«ና» አሉኝ።

ቤቱ ውስጥ ጨለም ይላል፤ ከበሩ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ጠባብ መንገድ ሠርቷል። ጥግ ላይ የቆመው የጭቃ ጎታ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። ባልቴቷ ባዶ ጆንያ ሰጡኝና ከጎታው ግርጌ ያለውን ቀዳዳ የደፈነውን ጨርቅ ያዙ። ጥቂት ሳይስቡት ቆዩ። እኔም የጆንያውን አፍ ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ።

«የዘንድሮው ምርት መልካም ነበር» አሉ ለራሳቸው። «ይሆናል። ይመስለኛል ይሆናል።»

ጨርቁ ወጣ። ገብሱ መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ቀጥሎ ባልተቋረጠ ጥቁር ጅረት ወረደ፤ የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ ዝናብ ይመስል ነበር። ጆንያው በእጆቼ ውስጥ እየከበደ ሄደ። ሞላ። ቀዳዳውን በመዳፋቸው ደፍነው ሁለተኛ ጆንያ አቀበሉኝ፤ ጅረቱ እንደገና ወረደ። ሦስተኛ ሰጡኝ። ጎረቤቶቹ ቁናቸውን ይዘው በሩ ላይ መቆማቸውን ያየሁት በዚህ መካከል ነው፤ ሦስቱም ጅረቱን ይመለከቱ ነበር። አራተኛው ጆንያ ሲጀመር ባልቴቷ ጆሯቸውን ወደ ጎታው አስጠግተው ውስጡን አዳመጡ፤ ገና እየወረደ ነበር።

«አፉን ሰፋ አድርገህ ያዝ» አሉኝ። «እንዳትበትንብኝ።»